ጓዝ ጠቅልሎ ወደ ሀገር ቤት፦ ዕቃና መኪና ከአሜሪካ አዲስ አበባ የሚገባበት መንገድ

ከዋሽንግተን አካባቢ ዕቃ ጭነው አዲስ አበባ የገቡ ሰዎችን ስለ ወጪው ቢጠይቁ ስለ መርከቡ ኪራይ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ዕቃው ወደብ ላይ ቆሞ ስለቆጠረባቸው ቀን ነው። አንድ ወረቀት ጎደለ፣ አንድ ፊደል ተሳሳተ፣ ትራንዚተሩ (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያወጣልዎት ባለሙያ) ስልክ አላነሳም። በዚህ መሃል ኮንቴይነሩ እንደ ታክሲ ሜትር ይቆጥራል።

ስለዚህ እዚህ የምንሄድበት ቅደም ተከተል ሁለት ነገር ላይ ያተኩራል፦ ትንሽ መጫን፣ ወረቀቱን ደግሞ ከዕቃው ቀድሞ መጨረስ። የያዝኩት ምሳሌ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ለሚነሳ ሰው ነው። ከአውሮፓም ሆነ ከዱባይ ቢነሱ ከጅቡቲ ወዲህ ያለው መንገድ ያው ነው።

ከመነሻዎ ቀን አራት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ።

1. መጀመሪያ የመኪናውን ነገር ይቁረጡ

ብዙ ሰው መኪናውን መጨረሻ ላይ ያስበዋል። መጀመሪያ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "አይሄድም" ነው።

ኢትዮጵያ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ያገለገለም አዲስም ለውጥ የለውም። ኮሮላዎ 40 ሺህ ማይል ብቻ ብትሄድ፣ ቀለሟ ቢያበራ፣ ቤንዚን የምትጠጣ ከሆነች እዚያው ይሽጧት። "እስከ ጅቡቲ ትምጣ፣ ከዚያ ዘመድ ይጨርስልኛል" የሚለውን ምክር ከማንም አይቀበሉ። ጅቡቲ የደረሰ መኪና ወደ ፊት ካልገባ ወደ ኋላ የሚመለሰው በእርስዎ ኪስ ነው።

ሲሸጡ አንድ የምትረሳ ነገር አለች። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው፣ ኢንሹራንሱን ከማቋረጥዎ በፊት ታርጋውን ይመልሱ ወይም በይፋ ያሰርዙ። ቅደም ተከተሉን ካዛቡት ቅጣቱ አዲስ አበባ ድረስ ይከተልዎታል።

መኪናዎ ኤሌክትሪክ ከሆነስ? በሩ ክፍት ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማበረታቻ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ሆኗል። እንዲህ ያለ መመሪያ ግን ይሻሻላል። መኪናው ከአሜሪካ ከመነሳቱ በፊት የዕለቱን ስሌት አዲስ አበባ ካለ ትራንዚተር በጽሑፍ ይቀበሉ። በስልክ "ችግር የለውም" ማለት ስሌት አይደለም።

ከቀረጡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የቻርጅ መሰኪያው ነው። አዲስ አበባ የሚርመሰመሱት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ የመጡት ከቻይና ነው፣ ጂቢ/ቲ የሚባለውን የቻይና መሰኪያ ይጠቀማሉ። ከአሜሪካ የሚመጣ መኪና ግን ወይ ሲሲኤስ 1 ወይ የቴስላው ኤንኤሲኤስ ነው ያለው። እርስ በርስ አይገቡም። አስማሚ ይገዛል፣ ፈጣን ቻርጅ ላይ ግን ሁሉም አስማሚ አይታመንም። ቤትዎ ውስጥ የራስዎን ቻርጀር ማስገጠም ካልቻሉ፣ ማለትም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆኑና መኪናው የሚያድረው ውጭ ከሆነ፣ መኪናውን ስለመላክ ደግመው ያስቡ። መለዋወጫውና መካኒኩም እንዲሁ ወደ ቻይናዎቹ ያደላል። በግልጽ ልናገር፦ ለአብዛኛው ሰው አሜሪካ ያለውን ሸጦ አዲስ አበባ ላይ መግዛት ይሻላል።

ቆርጠው ከላኩ የአሜሪካ ጉምሩክ የሚጠይቀው ይህን ነው፦

- የመኪናው ዋናው ታይትል፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀቱ። ኮፒ ብቻ አይበቃም። ወረቀቱ መርከቡ ከመነሳቱ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት ለወደቡ ጉምሩክ መቅረብ አለበት።
- መኪናው ገና የባንክ ዕዳ ካለበት፣ ባንኩ ከሀገር እንዲወጣ የፈቀደበት ደብዳቤ። ዕዳውን መጨረስ ይቀላል።
- ኤኢኤስ በተባለው የመንግሥት ሥርዓት ላይ የሚሞላ የኤክስፖርት ማስታወቂያ። ያገለገለ መኪና ዋጋው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ይሞላለታል። ሲሞላ አይቲኤን የሚባል ቁጥር ይሰጣል።
- እዚያ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይሠራም። ኢአይኤን የተባለ ቁጥር ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ ያወጣሉ። በኢንተርኔት በነጻ ነው። ለዚህ መቶ ሁለት መቶ ዶላር የሚጠይቅዎት ካለ ይለፉት።

አጫጫኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሮሮ ነው፤ መኪናው ተነድቶ መርከቡ ሆድ ውስጥ ይገባል። ባልቲሞር በዚህ ሥራ የታወቀ ወደብ ነው። ሮሮ ላይ መኪናው ባዶ መሆን አለበት፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ካርቶን መደርደር አይቻልም። ሌላው ኮንቴይነር ውስጥ አስሮ መላክ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው እንደ አደገኛ ጭነት ስለሚቆጠር አንዳንድ መርከቦች ጨርሶ አይቀበሉም፣ የሚቀበሉትም ቻርጁ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ይወስናሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፌሊሲቲ ኤስ የተባለችው መርከብ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ መኪኖችን እንደያዘች አትላንቲክ ላይ ተቃጥላ ከሰመጠች ወዲህ ጥንቃቄው በዝቷል። ቀድመው ይጠይቁ።

እባክዎ መኪናውንና የቤት ዕቃውን አንድ ኮንቴይነር ውስጥ አይክተቱ። ኪራዩ የሚረክስ ይመስላል። የመኪናው ወረቀት አንድ ቦታ ሲያዝ ግን የልጆችዎ አልጋም አብሮ ይታሰራል።

2. ምን ይሄዳል፣ ምን ይቀራል

ኩሽና ገብተው የእያንዳንዱን የኤሌክትሪክ ዕቃ ጀርባ ይገልብጡ። ትንሽ ጽሑፍ አለች። "100-240" የሚል ካለ ይሄዳል። "120" ብቻ የሚል ካለ ይቀራል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት 50 ኸርዝ።

ላፕቶፕ፣ የስልክ ቻርጀርና አብዛኛው ዘመናዊ ቴሌቪዥን ያልፋሉ። ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ማይክሮዌቭ፣ ጁስ መፍጫ አያልፉም። "ትራንስፎርመር እገዛለሁ" የሚሉ አሉ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ሞተር ያለው ዕቃ 50 ኸርዝ ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። የአሜሪካ የጋዝ ምድጃም በቧንቧ ለሚመጣ ጋዝ የተሠራ ስለሆነ ለሲሊንደር ጋዝ እንዲሆን ቀዳዳዎቹ መቀየር አለባቸው። ይተዉት።

የእንጀራ ምጣዱንም ይተዉት። ከአሜሪካ አዲስ አበባ ምጣድ ጭኖ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብለው አይጠራጠሩ፣ አለ። ያውም 120 ቮልቱን።

አልጋ የሚወስዱ ከሆነ ፍራሹንም አንሶላውንም አብረው ይውሰዱ። የአሜሪካው ኩዊን 152 በ203 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ኪንጉ 193 በ203። አዲስ አበባ የሚሸጠው ፍራሽ ባለ 1.20፣ ባለ 1.50፣ ባለ 1.80 ነው። አንሶላው ልክ አይመጣም።

በአንጻሩ ጥሩ መጻሕፍት፣ ጥሩ ድስትና ቢላዋ፣ የልጆች ብስክሌት፣ የእጅ ሙያ መሣሪያዎች፣ የሚወዱት ወንበር፣ እነዚህ ቦታቸውን ያወጣሉ። ድሮን፣ የሳተላይት ስልክ፣ የመገናኛ ሬዲዮና ርቀት ማያ መነጽር ያለ ፈቃድ አይጫኑ። መሣሪያ ፈጽሞ።

3. ይለኩ

የባሕር ጭነት ዋጋ የሚወጣው በሚይዘው ቦታ ነው፣ በኪዩቢክ ሜትር። ሜትር ይያዙና ርዝመት በወርድ በቁመት ያባዙ። ባለ ሦስት ሰው ሶፋዎ 2.1 በ0.9 በ0.9 ሜትር ከሆነ 1.7 ኪዩብ ይበላል። መካከለኛው የዕቃ ማጓጓዣ ካርቶን 0.085 ኪዩብ ነው። ስለዚህ አንድ ሶፋ የሃያ ካርቶን ቦታ ያዘ ማለት ነው። ይህን ስሌት አንዴ ሲያዩ ለሶፋው ያለዎት ፍቅር ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ጥሩ አናጢ አለ።

ከዚህ በኋላ ሦስት ምርጫ አለ።

ከአምስት ስድስት ኪዩብ በታች ከሆነ ከሌሎች ሰዎች ጋር ኮንቴይነር ይጋሩ። ዋጋው ይረክሳል፣ ግን ኮንቴይነሩ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ከሚጋሩት ሰው የአንዱ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ቢያዝ የእርስዎም ሊዘገይ ይችላል።

ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር በወረቀት 33 ኪዩብ ነው። በተግባር 28 ያህል ቢገባ ጥሩ ነው፣ ወንበር እንደ ጡብ አይደረደርም። ባለ 40 ጫማው በወረቀት 67 ነው። ለባለ ሁለት ወይም ሦስት መኝታ ቤት 20 ጫማው ይበቃል። ካልበቃ ዕቃውን ይቀንሱ እንጂ ኮንቴይነሩን አያሳድጉ።

ለትንሽ ነገር ደግሞ አውሮፕላን አለ። በአየር ጭነት አንድ ኪዩብ ቢያንስ እንደ 167 ኪሎ ይታሰባል፣ ትራስ ብቻ ቢሆንም። ስለዚህ ቀላልና ሰፊ ነገር በአየር አይላክም። የሚጓዙት ቤተሰብ ሆነው ከሆነ የሻንጣ መብትዎን መጀመሪያ ይጠቀሙ፣ ተጨማሪ ሻንጣ ከፍሎ መያዝም አንዳንዴ ከጭነት ይረክሳል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የሚያሻግርዎት ልብስ፣ መድኃኒትና የትምህርት ቤት ወረቀት ከእርስዎ ጋር ይብረር።

4. ድርጅት ሲመርጡ

ከሦስት ቦታ ዋጋ ይጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የባሕር ጭነት የሚያስተባብር ድርጅት ከፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስማቸውን በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይቻላል። እዚያ የሌለ ሰው፣ የሀገር ልጅ ቢሆንም፣ ቤተ ክርስቲያን አብራችሁ ብትስሙም፣ ኮንቴይነር አያስረክቡት።

የዋጋ ማቅረቢያውን ሲያነቡ ቁጥሩን ተዉትና መድረሻውን ይመልከቱ። "እስከ ጅቡቲ" እና "እስከ ሞጆ" የሚሉት ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። ጅቡቲ ላይ የሚያበቃ ከሆነ የወደቡን ወጪ፣ ትራንዚቱን፣ የጭነት መኪናውን ሁሉ እርስዎ ይሸከማሉ። እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ በአንድ ሰነድ የሚመጣው መልቲሞዳል ይባላል። ርካሽ መስሎ የሚታየው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ጅቡቲ ላይ የሚያቆመው ነው።

አራት ጥያቄ በኢሜይል ይላኩላቸው፣ በኢሜይል ይመልሱልዎት። ዋጋው የጫኝ ጉልበት ይጨምራል ወይ? ሞጆ ከደረሰ በኋላ ኪራይ የማይቆጠርበት ስንት ነጻ ቀን አለኝ? ባዶ ኮንቴይነሩን የሚመልሰው ማን ነው? ኪዩቡ ከገመታችሁት በላይ ቢሆን እንዴት ታስከፍሉኛላችሁ? አራተኛውን የማይመልስ ድርጅት ዕቃዎ ስቶሩ ከገባ በኋላ ዋጋ የሚጨምር ነው።

5. ወረቀት

ጠቅልሎ የሚመለስ ሰው ያገለገሉ የግልና የቤት መገልገያዎቹን ከቀረጥ ነጻ የሚያስገባበት መብት አለ። መብቱ ግን በራሱ አይመጣም፣ ይጠየቃል። ውጭ ሀገር የቆዩበትን ጊዜና ጠቅልለው መመለስዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ወደ ኤምባሲ ይሂዱ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ያውጡ። የቤት ኪራይ ውል፣ የታክስ ወረቀት፣ የሥራ መልቀቂያ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ማሰናበቻ፣ ያለዎትን ሁሉ ያሰባስቡ። ይህ ደብዳቤ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት በእጅዎ መኖር አለበት።

መብቱ ለመገልገያ እንጂ ለንግድ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ስድስት አዲስ ላፕቶፕ ከነካርቶኑ ይዞ ሲገኝ ጉምሩኩ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም። ለዘመድ የተገዛ ስጦታ ካለ በዝርዝሩ ላይ ለብቻው ይጻፉት፣ ቀረጡንም ለመክፈል ይዘጋጁ።

ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ሲኖር ስሌቱ ይደራረባል። መነሻው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፣ ማጓጓዣና ኢንሹራንስም ይጨመሩበታል። እንበልና ድምሩ 1,000 ዶላር ሆነ፣ የዕቃው ቀረጥ 20 በመቶ ነው፣ ኤክሳይስ የለበትም። 1,200 ገባ። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 1,380። በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ 1,518። "20 በመቶ ነው" የተባለው ከግማሽ በላይ ሆኖ አረፈ። ሌሎች ትናንሽ ክፍያዎችን ገና አልቆጠርንም።

አሁን ስም። ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ዕቃ በብዛት የሚይዘው ግን እሱ ነው። የእኛ ሰው አሜሪካ ሲገባ አንዱ ወረቀት ላይ የአባቱ ስም መጨረሻ ይሆናል፣ ሌላው ላይ የአያቱ። "ፀሐይ" መንጃ ፈቃዱ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፋ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ትገኛለች። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (ድርጅቱ የሚሰጠው የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ የዕቃ ዝርዝሩ፣ የኤምባሲ ደብዳቤውና ውክልናው ሁሉም ፓስፖርቱን ፊደል በፊደል መምሰል አለባቸው። ድርጅቱ ቢል ኦፍ ሎዲንጉን ከማተሙ በፊት ረቂቁን ይልካል። ረቂቁንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አድርገው በጣትዎ እየቆጠሩ ያንብቡ። ረቂቅ ላይ ማስተካከል በኢሜይል ይሆናል። መርከቡ ከሄደ በኋላ ማስተካከል ገንዘብም ሳምንታትም ይበላል።

ዕቃው ሲደርስ እርስዎ አዲስ አበባ ካልሆኑ ውክልና ይስጡ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ላይ ያዘጋጁታል፣ ሀገር ቤት ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ያልፋል። ውክልናው ላይ "ዕቃ ከጉምሩክ ማውጣት፣ ትራንዚተር መቅጠር፣ መክፈል፣ መረከብ" የሚሉት በግልጽ ይጻፉ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለዎትም ቀድመው ያውጡ።

6. ማሸግና መዘርዘር

ስለ ማሸግ ብዙ አልልም። መጻሕፍት ትንሽ ካርቶን ውስጥ፣ ትራስ ትልቁ ውስጥ። ሳህን ተኝቶ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ ይታሸግ። ጅቡቲ ሙቀቱና እርጥበቱ አይጣል ነው፣ ስለዚህ እርጥበት መሳቢያ ከረጢቶች ኮንቴይነሩ ውስጥ ይሰቀሉ። የእንጨት ፓሌት ከተጠቀሙ በሙቀት የታከመ መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም ይኑረው።

ዝርዝሩ ላይ ግን ጊዜ ይውሰዱ። እያንዳንዱ ካርቶን በሁለት ጎኑ ቁጥር ይጻፍበት፣ ቁጥሩ ዝርዝሩ ላይ ይገኝ። "ካርቶን 14፣ ኩሽና፣ ያገለገለ፦ ድስት 3፣ ሳህን 12፣ ቢላዋ 6፣ ግምት 60 ዶላር" ዓይነት። "ልዩ ልዩ" ብለው አይጻፉ። ፈታሹ መጀመሪያ የሚያስከፍተው "ልዩ ልዩ" የሚለውን ነው። ዋጋውንም አያጋንኑ፣ አያሳንሱም። ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን 20 ዶላር ብሎ የጻፈ ሰው የቀረው ዝርዝሩም አይታመንለትም።

ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ያስፍሩ። ኮንቴይነሩ ሲሞላ በየደረጃው ፎቶ ያንሱ። ሲዘጋ በሩ ላይ የሚታሰረውን ማሸጊያ (ሲል) ቁጥር በቅርብ ያንሱ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ።

7. ኢንሹራንስ

ርካሹ ዓይነት መርከቡ ከነጭነቱ ቢጠፋ ብቻ ነው የሚከፍለው። ሰፊው ስብራትንም ይሸፍናል። ሰፊውን ሲገዙ ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ ራስዎ ያሸጉት ካርቶን ውስጥ የተሰበረ ሳህን በአብዛኛው አይከፈልበትም። ስለዚህ ውድ የሆነውን ብቻ ድርጅቱ እንዲያሽግ ማድረግ ይቻላል።

"መርከብ እኮ አይሰምጥም" የሚሉ አሉ። እሺ፣ አይስመጥ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ ስዊዝ ቦይ ውስጥ ስድስት ቀን ተወትፋ ነበር። ከዚያ በኋላ የመርከቧ ባለቤት በጥንቱ የባሕር ሕግ መሠረት የማዳኑን ወጪ ባለጭነቶቹ ሁሉ እንዲካፈሉ ጠየቀ። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ጉዳዩን ለኢንሹራንሱ ይሰጣል። የሌለው ዕቃውን ለማውጣት ከኪሱ ዋስትና ያስይዛል።

8. ከባሕር እስከ ሞጆ

መንገዱ ሁለት ወር ይፈጃል ብለው ያቅዱ፣ ሦስት ቢሆን አይገረሙ። ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀምረው ነበር፣ ጅቡቲ ደግሞ የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ በሆነው በባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ናት። መስመሩ ሲረበሽ ቀኑ በሳምንታት ይገፋል። አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ ሲዋዋሉ ይህን ያስቡበት፣ ቢያንስ ፍራሽና ምድጃ ከሀገር ቤት ይግዙ።

መርከቡ ጅቡቲ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ትራንዚተሩ ሙሉ ሰነድ በእጁ ይያዝ። ከጅቡቲ ዕቃው በመኪና ወይም በባቡር ወደ ሞጆ ይመጣል። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ። ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ የዕቃ መግለጫ) ይሞላል፣ ፍተሻ ይደረጋል፣ የሚከፈል ካለ ይከፈላል።

በፍተሻው ቀን ራስዎ ይሂዱ። ትራንዚተሩ "እኔ እጨርሳለሁ" ይላል፣ አይዋሽም ይሆናል። ግን ካርቶን 31 ውስጥ ያለው ምንድነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚያውቀው እርስዎ ነዎት። ዝርዝሩን በሦስት ኮፒ፣ ፓስፖርቱን በዋናው፣ ውሃና ኮፍያ ይያዙ። ለሚከፍሉት ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይጠይቁ። ደረሰኝ የሌለውን ክፍያ ምን እንደሆነ ያውቁታል።

9. ርክክብ

ኮንቴይነሩ ደጅዎ ሲደርስ ማንም ከመክፈቱ በፊት ማሸጊያውን ይዩ። ጉምሩክ ከፍቶት ከነበረ አዲስ ማሸጊያ ይኖረዋል፣ ቁጥሩም ሰነድ ላይ ይኖራል። ከሁለቱም የማይገናኝ ቁጥር ካዩ ፎቶ ያንሱና ድርጅቱ ጋር ይደውሉ።

አንድ ሰው በር ላይ ቁሞ ቁጥር እየጠራ ዝርዝሩ ላይ ምልክት ያድርግ። ጫኝና አውራጅ ጋር ዋጋ የሚዋዋሉት ኮንቴይነሩ ሳይመጣ ነው፣ የሰፈሩን ወጣቶች ቀድመው ያነጋግሩ። መኪናው ደጅ ላይ ቆሞ ክርክር ከተጀመረ ተሸናፊው እርስዎ ነዎት።

የተሰበረ ወይም የጎደለ ካለ የርክክብ ወረቀቱ ላይ ሳይፈርሙ በፊት ይጻፉት። ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው ቀነ ገደብ አጭር ነው፣ ውሉ ላይ አንብበው በዚያው ሳምንት ያመልክቱ።

ባዶው ኮንቴይነር ወደተባለበት ቦታ እስኪመለስ ድረስ ኪራዩ ይቆጥራል። መመለሱን የሚያሳየውን ወረቀት ከትራንዚተሩ ሳይቀበሉ የመጨረሻውን ክፍያ አይስጡት።